ለመጀመሪያው ዝናብ አትሩጥ

የእህቴ ልጅ፣ ትናንት ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንዳልተኛህ አውቃለሁ። ጠዋት ቡና እንኳ ሳይፈላ የቲማቲም ዘርህን ይዘህ ደጄ ላይ ቆመህ «ጋሼ፣ በልግ ገባ!» አልከኝ። አካፋ አምጥቼ ጓሮውን አብረን ስንቆፍር ግን አየኸው፤ እርጥበቱ ሦስት ጣት አልወረደም። ጎረቤቶቻችን አርፋሳ የሚሉት ይህ ወቅት ከጥንትም ጠባዩ ይኸው ነው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? በልግም አሳስቆ ነው የሚወስደው።

እኔ በአንተ ዕድሜ የካቲት አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ቢዘንብ ያለኝን ዘር በሙሉ በአንድ መደብ ዘራሁ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ተኩል ደመና የሚባል ጠፋ። በጀሪካን እያመላለስኩ ያተረፍኩትን ችግኝ ደግሞ መጋቢት ላይ ሩብ ሰዓት ያልሞላ በረዶ ፈጀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ የምለቅመውም አልቀረልኝ። በ2007 ደግሞ በልጉም ክረምቱም እንዴት እንደከዳን አንተም ታስታውሳለህ፤ ያኔ ተማሪ ነበርክ።

«መቂ ያሉት ጓደኞቼ ችግኛቸውን ተክለዋል» ብለኸኛል። የመቂ ሰው ሞተር አለው። ወንዙንና የዝዋይን ሐይቅ በቧንቧ ስቦ ስለሚያጠጣ ሰማዩ ቢኮራበት ግድ የለውም። ደግሞ የእኛ ሻሸመኔ ከሐይቁ ዳርቻ ወደ 300 ሜትር ከፍ ትላለች። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚወርድ፣ እዚያና እዚህ የሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ለእኔ ይህ አንድ ጋቢ መደረብ ነው። ለቲማቲም ግን ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ እድገት የለም። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲደጋገም የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ይመስላል። ያኔ ደንግጠህ ማዳበሪያ እንዳትከምርበት! ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ሥሩ ስለበረደው መሳብ አቅቶት ነው። ሲሞቅለት ራሱ ይመለሳል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። መደቡን የሚያጠጣው ጀሪካን ነው፤ ዝናቡን የምትፈልገው ለማሳው ነው። ዛሬ የተዘራ ዘር ማሳ የሚወርደው ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ፣ የትናንቱ ዝናብ ላንተ ምንህም አይደለም። የዚያን ጊዜው ዝናብ ደግሞ መቼ እንደሚረጋ እኔም አላውቅ፣ አንተም አታውቅ። ስለዚህ ዘርህን ሦስት ቦታ ክፈለው። አንዱን አሁን፣ ሁለተኛውን ከአሥር ቀን በኋላ፣ ሦስተኛውን ከዚያ አሥር ቀን ቆይተህ ዝራ። ሜትዮሮሎጂም ትንበያውን በየአሥር ቀኑ ያወጣል፤ እያዳመጥክ ዝራ። ዝናቡ ቢቀድም የመጀመሪያው መደብ ይደርስልሃል፤ ቢዘገይ ሦስተኛው። የመጀመሪያው ስድስት ሳምንት አልፎት መደብ ላይ ማበብ ከጀመረ አትዘንለት፣ ነቅለህ ጣለው። ያረጀ ችግኝ ማሳ ገብቶም አይጠቅምህም።

ዘሩ እንዳያንስህ ብለህ አትፍራ። የተከራየኸው ሩብ ሄክታር በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ብትተክለው ከ8,300 ጥቂት የሚበልጥ ችግኝ ይይዛል። አንድ ግራም ውስጥ 300 ያህል ፍሬ ስላለ፣ የማይበቅለውንና የሚሞተውን ጨምረህ 60 ግራም ይተርፍሃል። ለጀማሪ መልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን፣ መልካሾላን ወይም መልካሳልሳን የመሰለ ዘር ብትይዝ እመርጣለሁ። ከጥሩው ፍሬ ለከርሞ ዘር ማስቀረት ትችላለህ። ከዲቃላው ዘር ብታስቀር ግን ልጁ አባቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ነው።

መደቡን ወርዱን አንድ ሜትር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ሥራው፤ የበልግ ዶፍ እንዳይተኛበት። በመስመሮቹ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ተው፣ አሳስተህ ዝራ፣ በሣር ጎዝጉዝ። በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ብቅ ሲል ሣሩን አንሣና ከላይ ዳስ ሥራለት። የባሕር ዛፍ አጣናና አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። ዳሱ ዘቅዘቅ ይበል፤ በረዶው ተንሸራቶ ይውረድ።

ውሃውን ጠዋት ስጠው። ማታ ያጠጡት መደብ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ በነጋታው ችግኙ ከአፈሩ አፍ ላይ ቀጥኖ፣ እንደታጨደ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ ጠማው» ብሎ ይጨምርበታል! የገደለው ራሱ ውሃው ነው፣ ደግሞም መጠጋጋቱ።

ሌላው የሚያስጨንቀኝ የጎረቤትህ ድንች ነው። ድንችና ቲማቲም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ግብርና ሠራተኞች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ቅጠሉን ውሃ እንደነካው አጥቁሮ በሳምንት ውስጥ ማሳ የሚያነደው በሽታ ሁለቱንም ይበላል። በፈረንጆች 1845 አየርላንድ ገብቶ ድንቻቸውን ሲያጠፋ፣ በተከታዮቹ ዓመታት ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አልቋል፤ ቀላል ጠላት እንዳይመስልህ። ብርድና ጭጋግ ይወዳል፣ በነፋስ ይጓዛል። እኛ አገር ደግሞ በበልግ ድንች የሌለበት ጥግ የለም። እንግዲህ ችግኝህን ከድንች አርቅ፣ ነፋስ ከድንቹ ወደሚነፍስበትም ወገን አታድርገው። ከጎረቤትህ ጋርም ተነጋገር፤ የእሱ ቅጠል ሲጠቁር ለአንተ እንዲነግርህ ከአሁኑ ቡና አጣጣው። ማንኮዜብ የሚባለውን መድኃኒት ጭጋጉ ሲደጋገም ቀድመህ እርጭ። ሁሉ ከጠቆረ በኋላ ሪዶሚል ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቱታ ስለሚባለው ተባይ ብዙ አልልህም፤ ከ2004 ወዲህ የገባ የደቡብ አሜሪካ እንግዳ ነው፣ ቲማቲሙን ከትውልድ አገሩ ድረስ ተከትሎት የመጣ። ቅጠል ውስጥ መንገድ ሠርቶ ካየኸው ቅጠሉን ቀጥፈህ አቃጥል።

አንድ የምቆጣህ ነገር አለ፤ ችግኝ አታሞላቅ። ሊተከል አሥር ቀን ሲቀረው ውሃውን ቀንስ፣ ዳሱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አንሣ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ትንሽ ጠውልጎ ማታ ቢነሣ ደስ ይበልህ። የሚያጠግብ እንጀራ ከምጣዱ ያስታውቃል፤ ደህና ችግኝም አጠር ብሎ፣ ግንዱ እርሳስ አክሎ፣ ከሦስት እስከ አምስት እውነተኛ ቅጠል ይዞ ይታያል። ቀጥኖ የረዘመ ካለህ ዘለግ አድርገህ ቅበረው፤ የቲማቲም ግንድ አፈር ሲነካ ሥር ያወጣል። የምትተክለው ደግሞ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በእኩለ ቀን ፀሐይ ሲተክሉ የማያቸው ሰዎች አሉ፤ ምን እንደሚያስቡ አይገባኝም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ትላለህ? በሚያዝያ የተተከለ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ይለቀማል። ያኔ ዝናብና በሽታ የብዙውን ሰው ማሳ ስለሚጨርሱት ገበያው ቲማቲም ይራባል። የአዲስ አበባው፣ የሐዋሳው፣ የባሌው፣ የሶዶው መኪና ሁሉ በዚህችው በሻሸመኔ አደባባይ ያልፋል፤ ገዢ ፍለጋ አትሄድም።

በል አሁን ግባና ቡናህን ጠጣ። ከዚያ ዘርህን አምጣ፤ ሃያ ግራሙን ዛሬ እናስገባለን፣ የቀረውን ግን እኔ ቤት አስቀምጥ። አንተ ዘንድ ከሆነ ደመናው ከአባሮ ተራራ በኩል ሲጠቁር እጅህ አያርፍም።