አደራ የተቀበለ እጅ መሣሪያ ሊይዝ ይገባዋልን?

የሰው ነፍስ በአደራ የተሰጠው ሰው አደራውን ለመጠበቅ መታጠቅ ይገባዋልን? ጥያቄው በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋማ ቀበሌዎች ጠመንጃ በቤቱ ለሚያኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬ ግን ወደ አየር ከፍ አድርገን፥ አውሮፕላን አብራሪ በሥራ ክፍሉ ሽጉጥ መያዝ ይገባው እንደሆነ እንመርምር። አሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፥ ልዩ ሥልጠና ያገኙ ፈቃደኛ አብራሪዎች እንዲታጠቁ ፈቅዳለች።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕይወትን መከላከልን አትኮንንም። ቅዱስ ቶማስ አኵይናስ እንዳስተማረው፥ ራሱን ለማዳን አስቦ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ያልተጠቀመ ሰው በደለኛ አይባልም። የሌሎችን ሕይወት ለመጠበቅ ኃላፊነት ላለበት ሰውማ መከላከል መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ፥ መሣሪያው ይህን አደራ ይጠብቃልን ወይስ ያፈርሳል? የሚለው ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢያስረዱም ጠላፊዎቹ አልሰሙም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ በኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። «ካፒቴኑ ሽጉጥ ቢኖራቸው ኖሮ» የሚል ሰው ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጠላፊዎቹ የተጠቀሙበት መጥረቢያ ከዚያው ከአውሮፕላኑ የተወሰደ እንደ ነበረ እናስተውል። ለአብራሪው የተቀመጠ ሽጉጥም እንዲሁ በእነርሱ እጅ ሊገባ ይችል ነበር።

ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ የተነሣን አውሮፕላን ሊጠልፉ በተነሡ ወጣቶች ላይ በውስጡ የነበሩ የጸጥታ ጠባቂዎች ተኮሱ። የእጅ ቦምብም ፈንድቶ አውሮፕላኑን ክፉኛ ጎዳው፤ ሆኖም በሰላም ተመልሶ አዲስ አበባ አረፈ። በዚያ ቀን የተኮሰው ሌላ፥ ያበረረው ሌላ ነበር። ሁለት ያባረረ አንድም አይዝም እንደሚባለው፥ መሪውን የያዘ እጅ ቃታ ለመሳብ ቢዘረጋ አውሮፕላኑን ማን ይመራው ነበር?

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይከብዳል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም ይበር በነበረ አውሮፕላን፥ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ በወጡ ጊዜ ረዳት አብራሪው በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ወደ ጄኔቫ ወሰደው። ከ200 በላይ ከሚሆኑት ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ማንም አልተጎዳም። ጠላፊን ለመከልከል የተሠራው በር ግን ባለ አደራውን ከውጭ አስቀረ። መሣሪያ የያዥውን ልብ መርምሮ አይታዘዝም፤ ለታመነውም ላልታመነውም እኩል ያገለግላል።

ስለዚህ አብራሪው ባይታጠቅ ይሻላል እንላለን። ጥበቃው ከመሳፈር በፊት በሚደረግ ጥብቅ ፍተሻ፥ በጽኑ በርና አስፈላጊ ሲሆን ለዚሁ በሠለጠነ ጠባቂ ይሁን። ይህ ከአደጋ ሁሉ ያድናል አንልም፤ ነገር ግን አንዱን አደጋ ስንከላከል ሌላውን በገዛ እጃችን አናስገባም።

እኛም በምድር ያለን ይህንኑ እንመዝን። ቤተሰባችንን እንጠብቅበታለን ብለን ያኖርነው ጠመንጃ፥ በቁጣ ሰዓት ወይም በሕፃን እጅ ሲገባ ማንን ይጠብቃል? የቤት አባወራ የታጠቀ ሁሉ አደራውን ጠበቀ አይባልም፤ በአደራ የተቀበላቸውን ነፍሳት በደኅና ያደረሰ እንጂ።