ወገንሽ ሥልጣን ሲይዝ

ልጄ፣ ስድስት ኪሎ ፖለቲካል ሳይንስ ደረሰሽ አሉኝ፤ እሰይ! «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚልሽ አይጠፋም። ኮረንቲ የሚፈጀው የማያውቀውን ነውና ግቢና ተማሪው።

ካቶሊክ ነሽና አንድ ነገር ልምከርሽ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እኛ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላንም። ቁጥሩ ያነሰ ወገን ራሱን ሁልጊዜ ተበዳይ ማድረግ ይቀናዋል። ስለዚህ ንባብሽን ከአፄ ሱስንዮስ ጀምሪ። ንጉሡ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነቱን በይፋ ተቀበለ፤ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይካኑ አለ። የተከተለው አመፅና እልቂት ነው። በ1632 ሱስንዮስ ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መለሰለት፤ ልጁ ፋሲለደስም የሜንዴዝን ማኅበር፣ ኢየሱሳውያንን፣ አባረረ። ይህ ክፍል ውስጥ ሲነሳ አንገትሽን አትድፊ፣ ለመከላከልም አትሽቀዳደሚ።

ከዚያ ወደ አባ ገብረ ሚካኤል እለፊ። የጎጃሙ ሊቅ ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1855 እ.ኤ.አ.፣ በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ። በዳይና ተበዳይ ቦታ ተለዋወጡ፤ ሰይፉ ግን ሁለቱንም ጊዜ የቤተ መንግሥት ነበር።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ማንም በሃይማኖቱ አይገደድ ብሎ ደነገገ። ሰነዱን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ከሚለው የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 ጋር አስተያዪው፤ የት ይገናኛሉ፣ የትስ ይለያያሉ?

ሥልጣን ወሰን የሚያስፈልገው በሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጡት መልእክት፣ ታችኛው አካል መሥራት የሚችለውን ላይኛው እንዳይነጥቀው አስተምረዋል። ይህን ለፈተና ብቻ አትሸምድጂው። እዚሁ ልደታ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ ውሳኔው የተሰጠው የት ነበር? እድሩስ ተጠይቋል? የድሮ ጎረቤቶችሽን አነጋግሪና የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚያ ላይ ሥሪ።

ደግሞ የምትማሪበትን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እወቂ። በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ያቋቋሙት ዶክተር ሉሲየን ማት የካናዳ ኢየሱሳዊ ነበሩ። የጠራቸው ኦርቶዶክሱ ንጉሥ ነው፤ የተጠሩትም ሊያስተምሩ እንጂ ሊሰብኩ አልነበረም። ፋሲለደስ ያባረረው ማኅበር በሰይፍ ያጣውን አመኔታ በጠመኔ አገኘው።

አንቺም ስትከራከሪ የተቃዋሚሽን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክለሽ አቅርቢ፤ መልስሽን ከዚያ በኋላ ስጪ። ነገ ሹም ሆነሽ የገዛ ወገንሽ «የመንግሥትን ዱላ አውሺን» ቢልሽ ደግሞ፣ ሱስንዮስን ጠቅሰሽ እምቢ በዪ።