የጓንዡ ካሜራና የኛ ሚዛን

ቻይና ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ አንድ ወሬ አያጣም። «እስልምናው ያለው እዚያ ነው፤ እኛ ጋ ያለው ስሙ ብቻ ነው» ይላል። አነጋገሩ አዲስ አይደለም። ግብፃዊው ዓሊም ሼኽ ሙሐመድ ዐብዱህ ከአውሮፓ ሲመለሱ እስልምናውን እዚያ፣ ሙስሊሙን ደግሞ አገር ቤት አገኘሁት ብለዋል እየተባለ ስንት ዘመን ሲወራ ኖሯል። ዛሬ አውሮፓ ወጥቶ ቻይና ገባበት እንጂ ነገሩ ያው ነው። እኔም ጓንዡ በምትባለው የደቡብ ቻይና ከተማ ብቻዬን ጥቂት ሳምንታት ሰንብቼ ስመለስ ጓደኞቼ ይህንኑ ከአፌ ለመስማት ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁኝ። አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው ለውድ አንባቢያን ላስረዳ።

በቅድሚያ ግን ሐቁን እንመስክር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጓንዡ በ2020 በተካሄደው ቆጠራ ከ18 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ የተቆጠረባት ከተማ ናት። የምድር ውስጥ ባቡሯ ሥራ የጀመረው በ1997 ሲሆን ዛሬ ሐዲዱ ከ600 ኪሎ ሜትር አልፏል። በ2010 የተከፈተው ማማዋ 600 ሜትር ሽቅብ የተመዘዘ ነው። ይህ ሁሉ አንገት ያሳምማል እንጂ ልብ አይነካም። ልብ የሚነካው ሌሊቱ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ በፐርል ወንዝ ዳር ብቻዬን ስሄድ ሁለት ወጣት ሴቶች ቦርሳቸውን ባንድ ትከሻ አንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ስልካቸው ላይ ተክለው ያልፉኛል። ወደ ኋላው የሚገላመጥ የለም። ሻይ ቤት ውስጥ ቦታ ለመያዝ ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሊያዝ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። እኛ ዘንድ ለሶላት የገባ ሰው ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ ከፊቱ አስቀምጦ ነው ሱጁድ የሚወርደው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ሐቅ ነው። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ለመካ ዱዓ ሲያደርጉ ከሲሳዩ አስቀድመው ሰላሟን ነው የለመኑት። ሰላም ኒዕማ ነው፤ በማን አገር ላይ ቢወርድም ኒዕማነቱ አይቀነስም።

ይሁንና ሰላም ሌላ፣ ሰላምታ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ባረፍኩበት ፎቅ አሳንሰር ውስጥ ሰው ከሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም። ምግብ በስልክ ይታዘዛል፤ ሞተረኛው በር ላይ አንጠልጥሎት ይሄዳል። ሒሳብ የሚከፈለው በዊቻት ወይም በአሊፔይ ስለሆነ በወረቀት ገንዘብ ልክፈል ስል ሻጯ ብሩን ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ መልስ ፍለጋ መሳቢያዋን ታምሳለች። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ ውዬ ያደርኩባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚህ ዝምታ ያወጣኝ ከሰሜን ምዕራብ ቻይና የመጣ አንድ የሁዊ ሙስሊም ነው። ሊጡን በእጁ እየሳበ እንደ ክር የሚያቀጥንባት ጠባብ ምግብ ቤት አለችው። በሯ ላይ የሐላል ምልክት አይቼ ገብቼ «አሰላሙ ዐለይኩም» ስለው ሊጡን ትቶ ዱቄት በነካው እጁ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ከሰላምታው በኋላ በምንም ቋንቋ አልተግባባንም። ቢሆንም እስክመለስ ድረስ የበላሁት እዚያ ነው።

ለመሆኑ የጓንዡ ሌባ የት ገባ? መልሱን ለማግኘት ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። በየመብራት ምሰሶው፣ በየመስቀለኛው፣ በየደረጃው፣ በየሱቁ ደጃፍ ካሜራ ተሰቅሏል። ባቡር ጣቢያ ሲገባ ቦርሳ በመፈተሻ መሣሪያ ያልፋል። የሰረቀ ሰው ብዙ አይርቅም። ቻይናዎች ጨዋ የሆኑት ካሜራ ፈርተው ብቻ ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ ይህ በደል ይሆናል። ካሜራ ሳይፈጠር የነበረ፣ ታላቅን የማክበርና ሥራን የመውደድ አስተዳደግ አላቸው። ነገር ግን ከተማዋ ራሷ ለሰዎቿ ጨዋነት ብላ አልተወችውም፤ ዓይን ሰቅላበታለች።

እንግዲህ «እስልምናው እዚያ ነው» የሚለው ሰው ማሰብ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በኛ ሃይማኖት ኢሕሳን የሚባለው ደረጃ አላህ (ሱ.ወ.) እንደሚያየን እያወቅን መሥራት ነው። ኻሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወተት በውሃ መቀላቀልን በከለከሉ ጊዜ እናቷ «ዑመር አያየንም» ስትላት የዑመር ጌታ ያየናል ብላ እምቢ ያለችውን ልጅ ታሪክ ሕፃን ሆነን ሰምተናል። ልጅቷ ካሜራ ቢኖርም ባይኖርም ወተቷ ያው ነበር። የጓንዡ ጎዳና ሰላም ነው፤ የልጅቷ ወተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልዩነቱ ደግሞ ተረት አይደለም። እኔ ያየሁት በሽቦ ጥቅል ላይ ነው።

ሺያቤይ የሚባለው ሰፈር አፍሪካውያንና ዐረቦች የሚገበያዩበት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ስለሚበር አማርኛም ኦሮምኛም ስልጥኛም ሳይሰማ አይዋልም። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያከፋፍል አንድ ወንድማችንን ተከትዬ የሽቦ ሻጮች ዘንድ ሄድኩ። ሻጩ ሦስት ጥቅል ደረደረ። በሦስቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ። የመጀመሪያው እንደተጻፈው ነው። ሁለተኛው መዳብ ነው፣ ግን ቀጭን ነው። ሦስተኛው ላዩ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። ሻጩ ምንም አልደበቀም። እያንዳንዱን ቆርጦ አሳይቶ፣ ዋጋውን በካልኩሌተር ጽፎ፣ «የትኛው?» ብሎ በእጁ ጠየቀ። ከራሱ ላይ ካሜራ ነበር። ካሜራው ሁሉንም አየ፤ ምንም ወንጀል ግን አልተመዘገበም። ሻጭ አላታለለም፤ ገዢ አልተታለለም። የሚታለለው ሰው ገና አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ቤቱን ሠርቶ ሽቦ ሊያስገባ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ ያነሰ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ የመዳብ ያህል ሲጭኑበት ይግላል፤ ማያያዣው ይላላል፤ ቤት ያቃጥላል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ጣታቸው እርጥብ ነካ። ባለቤቱን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። ከላይ የሚታየው ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ። ከላይ መዳብ፣ ከሥር አሉሚኒየም። የቻይና ዕቃ ቶሎ ይበላሻል እያልን ቻይናን ስንረግም እርጥቡን ከሥር አድርግልኝ ብሎ ያዘዘው ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ያዘዘው እኮ ጁምዓ የማያመልጠው የኛው ሰው ነው።

በጥንት ዘመን ዐረቦች ኻንፉ ይሏት የነበረችው ይህችው ከተማ ናት ተብሎ ይታመናል። በ851 የተጻፈ የነጋዴዎች ዘገባ እንደሚለው የቻይናው ንጉሥ በሙስሊሞቹ ላይ ከመካከላቸው ዳኛ ሾሞላቸው ነበር፤ በሙግታቸው ይፈርዳል፣ በዒድ ያሰግዳቸዋል። ያኔ የተበደለ ሰው ሄዶ የሚከሰው ቃዲ በከተማው ነበረው። የዛሬው ነጋዴ ያለው ደላላና የጭነት ወኪል ነው።

ስለ ካሜራው ግን ገና አልጨረስኩም፤ ዓይኑ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ቦርሳዬን የጠበቀልኝ ዓይን በሺንጂያንግ የኡይጉር ወንድሞቻችንን ጢም ይቆጥራል። ከሚያዝያ 1፣ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዚያ ክፍለ ሀገር ደንብ «ያልተለመደ» ጢምንና ፊት መሸፈኛን የአክራሪነት ምልክት ብሎ ከልክሏል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2022 ባወጣው ሪፖርት በዚያ የተፈጸመው በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። ቻይና ይህን አልተቀበለችም። የኛው የእስላማዊ ትብብር ድርጅት ደግሞ በመጋቢት 2019 አቡዳቢ ላይ ቻይና ለሙስሊም ዜጎቿ የምታደርገውን እንክብካቤ አመስግኗል! ንግድ አፍ ያሲዛል። በራሷ በጓንዡም በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሰበብ አፍሪካውያን ከተከራዩበት ቤትና ከሆቴል እየወጡ መንገድ ላይ አድረዋል፤ የአፍሪካ አምባሳደሮችም በደብዳቤ ተቃውመዋል። በዚያ ሳምንት ካሜራው አልጠፋም ነበር። ያያል፤ ማንን እንደሚጠብቅ የሚነግረው ግን ሌላ ነው።

የመጨረሻውን ጁምዓ የሰገድኩት የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነው በሚባለው መቃብር አጠገብ ባለው መስጊድ ነው። የቻይና ሙስሊሞች ሰዕድ ከሐበሻ ምድር በመርከብ ተነስተው እዚህ ደረሱ ይላሉ። ሙስሊም የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ያረፉት መዲና አቅራቢያ፣ የተቀበሩትም በበቂዕ መሆኑን ጽፈዋል፤ እኔም የምይዘው ይህንኑ ነው። ሰጋጁ ከቅጥሩ ውስጥ አልፎ በዛፎቹ ሥር ተሰልፏል፤ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ማሊው፣ ሁዊው። ባለ ሽቦው ወንድማችን አጠገቤ ነበር።

ስንወጣ የትኛውን እንዳዘዘ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ እውነተኛውን ባመጣ በወሩ ሱቄን እዘጋለሁ። ጎረቤቴ ሦስተኛውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ደንበኛው ራሱ ርካሹን ነው የሚጠይቀኝ» አለኝ። አልተቆጣም፤ የምር ነበር የሚያስረዳኝ። ሦስተኛውን አምጣ፣ ግን አሉሚኒየም ነው ብለህ ጻፍበት አልኩት። ሳቀ። «እንዲያ ብዬ ከጻፍኩበት ማን ይገዛኛል?»

ጥቅሉ ላይ የሚታተመውን የሚመርጠው እሱ ነው። ፋብሪካው ያሉትን ይጽፋል፤ ለጽሑፉም የተለየ ዋጋ አያስከፍልም።