ሲሾም ያልበላ

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት ተቆጥቶ የሚተርት ሰው አላየሁም። እየሳቅን ነው የምንለው።

ሙስና ከየት መጣ ሲባል፣ ደመወዝ አነሰ፣ ቁጥጥር ላላ፣ መሬቱም ቤቱም በሹም ፊርማ ሥር ወደቀ እንላለን። እውነት ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመውም ይህንኑ ለመግታት ነበር፤ በ1993 ዓ.ም.። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ዓመታት የቆጠበ ሰው የተማመነበት ዕጣ እንኳ አልተረፈም። ታዲያ ሕግ እያለ ምን ጎደለ?

እዚህ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው ጥለቱን ለመጨረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ሰፈሩ ያውቃል። ሹም በሦስት ዓመት ፎቅ ሲያቆም ግን “ከየት አመጣው?” የሚል የለም፤ “ሰው ሆነ” ነው የሚባለው። በቀበሌ ቤት እየኖረ ጡረታ የወጣው ሐቀኛ ደግሞ “ሞኝ” ይባላል። ሠርግ ላይ ከፊት የሚቀመጠው የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጉቦ ሰጪና ተቀባይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አጨብጫቢው ግን ሰፈር ሙሉ ነው። ሕግ የሰረቀውን ያስራል፤ ሌብነትን ነውር የማድረግ ሥራ ግን የእኛው ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ ከሁለቱ ልጃችሁን ለየትኛው ትድራላችሁ?