ጠጠር የሚጥሉት ልጆች

በምሥራቅ ሱዳን፣ በኒው ሀልፋ፣ አንድ ወጣት ነበረ። አባቱ በድርቁ ዘመን በመተማ በኩል ተሻግሮ እዚያው የቀረ ጎንደሬ ነው። ልጁ ዐረብኛን ከሰፈር፣ አማርኛን ከእናቱ ተማረ፤ ቀን ቀን የጥጡና የኦቾሎኒው እርሻ የሚጠጣበትን ቦይ ሲጠርግ ይውላል።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ኒው ሀልፋ ተፈናቃይ ተቀበለች። ከተፈናቃዮቹ አንዱ፣ ተማሪ ነው፣ ከአንድ የትከሻ ቦርሳ በቀር የያዘው አልነበረም፤ በቦርሳው ውስጥ አንድ ደብተርና ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነበረ። ሁለቱ ተዋወቁ፤ ሦስት የሰፈር ልጆች ተጨመሩና ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው ስም ይናገራሉ። ተራኪው "ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። "እዋኛለሁ" ያለ ዳይሱን ይጥላል፤ ቁጥሩ ከበዛ ይሻገራል፣ ካነሰ ወንዙ ይወስደዋል። ገንዘብ የለበትም፤ አሸናፊና ተሸናፊም የለውም። እንዲህ ያለው ጨዋታ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 'ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ' በሚል ስም ታትሞ ወጥቶ ነው ዓለምን የዞረው።

ሰፈሩ ግን ያየው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ቁማር ነው ተባለ። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ገዳሪፍ ወርዶ የወራት ደመወዙን በአንድ ሌሊት ካርታ የተበላ ሰው የማያውቅ ሐበሻ እዚያ አገር የለም። ሁለተኛ፣ ጥንቆላ ነው ተባለ፤ በእኛም ጠጠር ጣይ አለ፣ በሱዳንም ዛጎል በትና ዕድል የምታነብ ሴት አለች። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ ሰው በራሱ አፍ የሌላ ሰው ስም እየጠራ "እኔ እገሌ ነኝ" ሲል ዛር ነው የሚመስለው።

እነዚህን ሰዎች እንደ ሞኝ አድርጎ መተረክ ግፍ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር የሚመዝነው በጎዳው ነገር ነው። ደግሞም ሌላ ሆኖ መናገር ያስፈራው ተራውን ሰው ብቻ አይደለም፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን እያናገሩ የአገሩን አስተዳደር የነቀፉበት ቴአትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል።

ልጁ ደበቀ። ጨዋታውን ወደ ቦዩ ዳር፣ ወደ ሌሊት ወሰደው፤ በስልክ መብራት ይጫወቱ ጀመር። ወሬውም በዚያው ልክ ገነነ። እናቱ ቡና አፍልታ ብትጠራ ጎረቤት ይቀር ጀመር፤ በስደት አገር ቡና ጠርቶ ሰው ማጣት ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ሌሊት አያ የሚሏቸው የሐበሻው ማኅበር ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። ታናሽ ወንድማቸው የሰሊጥ ደመወዙን በካርታ ተበልቶ፣ አፍሮ፣ እንደ ወጣ ቀርቷል።

"ልጄ፣ ምንድን ነው የምትጥሉት?"

"ጨዋታ ነው፣ አያ።"

"ጨዋታ ከሆነ ለምን በጨለማ?"

መልስ አልነበረውም። ተማሪው ሊያግዘው ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ወላጆችና ሰባኪዎች የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ነበር አወራ። አያ በሱዳንኛው ዐረብኛቸው፣ "የአሜሪካ ወላጅ የፈራውን እኔ ብፈራ ምን ይገርምሃል?" አሉት።

ዓርብ ቀን ልጁ በእናቱ ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ከፍቶ ምንጣፍ አነጠፈ፤ ወደ አያም መልእክት ላከ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ፈርቶ ቀረ። አያ መጥተው ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ተማሪው የዕለቱን ታሪክ የወሰደው ከአያቱ ነው። ቤተሰቡ የኑቢያ ሰዎች ናቸው። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሀልፋንና መንደሮቿን ሊውጥ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ 50,000 ያህል ሰው በባቡር ተጭኖ ወደዚህ ሜዳ መጥቷል፤ ኒው ሀልፋ የተሠራችው ለእነሱ ነው። የሚያጠጣቸውም በኸሽም ኤል ጊርባ የተገደበው የአትባራ ውኃ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው፣ ሆነ።

"ውኃው እየመጣ ነው" አለ ተራኪው። "ባቡሩ ነገ ይነሣል። ምን ትይዛላችሁ?"

"ሰይፌን" አለ አንዱ።

"ወርቅ" አለ ሌላው።

አያ አላስቻላቸውም። "ሰይፍ ምን ይሠራልሃል? መጀመሪያ የሚጠጣ ውኃ ነው። ቀጥሎ ዘር። የቤትህን ቁልፍ ተወው፤ እኔ ይዤ መጥቼ ክብደቱን ነው ያተረፍሁ።" ትንሽ ዝም ብለው፣ "አሮጊቷንስ ማን ይሸከማታል?" አሉ። ልጆቹ አሮጊት አላሰቡም ነበር።

"እርስዎ ይሸከሟታል?" አለ ተራኪው።

"እሸከማለሁ።"

"በማን ስም?"

"በራሴ ነዋ! ስሜን አልለውጥም።"

ልጁ ዳይሱን አቀረበላቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ። "ጠጠር አልጥልም። አሮጊት ለመሸከም ደግሞ ምን ዕጣ ያስፈልጋል?"

ተማሪው ደብተሩን አገላበጠ፤ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። አሮጊቷ ያለ ዳይስ ባቡሩ ላይ ወጣች። ጨዋታውን ከዚያ ቀን ወዲህ የተሻለ ያደረገው ይህ ይመስለኛል፤ በዕድል የሚሆነውንና በፈቃድ የሚሆነውን መለየት ጀመሩ፣ የለየላቸውም ጨዋታውን የማይወደው ሰው ነው።

አያ ዛሬም ዳይስ አይነኩም። በቀን እንዲሆን፣ በሩ እንዳይዘጋ፣ አንድ ጊኒ እንኳ ምንጣፉ ላይ እንዳይቀመጥ አዘዋል፤ ይህ ከተጠበቀ ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ። እሳቸውን አይተው ከጎረቤት ሁለት ሴቶች ወደ ቡናው ተመለሱ።

አንዷ ጎረቤት ግን አልመጣችም። እናትየው በጠራቻት ቁጥር መልሷ፣ "ያ ነገር ከሚጣልበት ግቢ አልገባም" ነው። ልጁ ሄዶ ሊያስረዳት ቢነሣ አያ ከለከሉት። በመከር ጊዜ ኦቾሎኒዋን የሚነቅልላት ሰው ሲያጥራት ልጁና ተማሪው አብረዋት ዋሉ። ስለ ጨዋታው አላነሡም፤ እሷም አላነሣችም። ምሳቸውን አብልታ ሸኘቻቸው፤ ዓርብ ቡና ሲፈላ ግን እንደ ቀድሞው ቀረች።