መንገድ አመልካቹ ምን ዕዳ አለበት?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነባሩ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ሞጆ ሲደርስ መንገዱ ይከፈልበታል። አንደኛው ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ሻሸመኔ ይወስዳል፤ ሁለተኛው አዳማ ያስገባል። አዳማም ላይ እንደ ገና ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አሰላ ይወጣል፣ ሌላው ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ይወርዳል። የእነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ኑሮ በመንገድ መከፈል ላይ የቆመ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው መንገድ መጠየቁ አይቀርምና፣ እንግዳው «የመቂ መንገድ የትኛው ነው?» ሲለው እጁን ዘርግቶ ያመለክታል። ማመልከት ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን በግድ የለሽነት ቢያሳስት ድካሙን የሚከፍለው እንግዳው ነው እንጂ አመልካቹ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለሌላው መንገድ ያሳየ ሰው ስላሳየው መንገድ ምን ያህል ኃላፊ ነው? ጥያቄው የቆየ ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ የምናነበው ጽሑፍ ሁሉ በመንገድ ምልክት የተሞላ ስለ ሆነ ነው።

ሃይፐርቴክስት የሚባለው ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መሥመር ብቻ የሚነበብ አይደለም። በመካከሉ ካሉት ቃላት ከአንዳንዶቹ በስተ ጀርባ የሌላ ጽሑፍ አድራሻ ተሰውሯል፤ አንባቢው ያን ቃል ሲነካው ወዲያው ወደዚያ ወደ ሌላው ጽሑፍ ይሻገራል። ይህን ማያያዣ ሰው ሁሉ ሊንክ ይለዋል። የሚያያዘው ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ፎቶግራፍ፣ ድምፅ፣ ካርታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአንድነት ሲቀርቡ ደግሞ መልቲሚዲያ ይባላል።

የአሳቡ ታሪክ ረጅም አይደለም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1945 ቫኒቫር ቡሽ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሜሜክስ ብሎ የሰየመውን፣ በአሳብ ብቻ የነበረ የንባብ ጠረጴዛ በአንድ መጽሔት ላይ ገለጸ። አንባቢው በጠረጴዛው ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች እንደ ፈቀደ እያያዘ፣ የሄደበትን ዱካ ለሌላ ሰው ሊተውለት ይችል ነበር። በ1965 ቴድ ኔልሰን ሃይፐርቴክስት የሚለውን ስም አወጣ፤ በ1968 ዳግላስ ኤንግልባርት በሳን ፍራንሲስኮ በጉባኤ ፊት በሥራ አሳየው። በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለ የምርምር ተቋም ሳለ፣ ዛሬ ድረ ገጽ ለምንለው ሁሉ መሠረት የሆነውን እቅድ አቀረበ። ተቋሙም በ1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ለቀቀው። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1997 ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የተመዘገበው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ በኮምፒውተር የጻፈውን ሌላው ለማንበብ ሁለቱም አንድ ዓይነት የፊደል ፕሮግራም ሊኖራቸው ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የኔልሰንና የበርነርስ ሊ የአሳብ ልዩነት ነው። ኔልሰን የተመኘው ማያያዣ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ነበር፤ ይኸውም የተመለከተው ጽሑፍ ማን እንዳመለከተበት እንዲያውቅ ነው። የበርነርስ ሊ ማያያዣ ግን በአንድ ጫፍ ብቻ የታሰረ ነው። የሚያመለክተው ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ የሚመለከትበትም አያውቅም። ያ ጽሑፍ ነገ ቢለወጥ ወይም ከቦታው ቢነሣ ማያያዣው እንዳለ ይቀራል፤ አንባቢውም ደክሞ ሲደርስ የፈለገው ገጽ እንዳልተገኘ ይነገረዋል። ሁለቱን ስናመዛዝን የበርነርስ ሊ ምርጫ የተሻለ ይመስለናል። በየማያያዣው ፈቃድና ምዝገባ ቢያስፈልግ ኖሮ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት በአንድ ምሽት ከዓለም ጫፍ እስከ ዓለም ጫፍ እያነበበ ለመሻገር ባልቻለ ነበር። ሆኖም መሣሪያው የተወው ጥበቃ ከናካቴው አልጠፋም፤ ከመሣሪያው ወደ ሰው ተላለፈ እንጂ። ሰው ግን አደራውን መቀበሉን ገና ልብ ያለው አይመስልም።

አንዳንድ ሰዎች አባቶቻችን ሃይፐርቴክስትን ከፈረንጆች በፊት ያውቁት ነበር ሲሉ እንሰማለን። እንዲህ ያለው ኩራት ብዙ አይጠቅመንም፤ ኮምፒውተር ያልነበረውን ሰው የኮምፒውተር ሥራ ሠራ ማለት ለእርሱም ክብር አይጨምርለትም። የሚጠቅመን፣ አባቶቻችን አንዱን ቃል ከሌላው ቃል ሲያያይዙ ኃላፊነቱን በማን ላይ ያኖሩት ነበር ብለን መጠየቅ ነው።

የትርጓሜ ቤትን እንመልከት። መምህሩ የግዕዙን ንባብ አሰምቶ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ቀጥሎ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ያመጣል፤ እንደ ገናም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል። በየመካከሉ ከነቢያት፣ ከመዝሙርና ከሊቃውንት ምስክር ይጠቅሳል፤ ነገሩን ለማስረዳትም ከገበሬው ኑሮ ወይም ከእንስሳት ጠባይ ምሳሌ ያመጣል። እንግዲህ «አንድም» የምትለው ቃል መንገድ የሚከፈልባት ቦታ ናት። ተማሪው ግን በመከፈያው ላይ ብቻውን አይቀርም፤ መምህሩ በፊቱ ተቀምጧል። «ይህ ምስክር ከወዴት መጣ?» ቢለው ይመልስለታል፤ መልሱ ቢያጥረው እንኳ «እኔም ከመምህሬ ከእገሌ የሰማሁት ነው» ብሎ ስም ይጠራል። ማያያዣው ባለቤት አለው ማለት ነው።

በብራናም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ አንዱ ታሪክ በየትኞቹ ወንጌላት እንደሚገኝ በቁጥር የሚያሳዩ ዐሥር ሠንጠረዦች አዘጋጀ። ሠንጠረዦቹ ወደ ግዕዝ ተመልሰው በጥንታውያን የወንጌል መጻሕፍታችን መጀመሪያ ላይ ይገኛሉ፤ በትግራይ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት፣ ሊቃውንት ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የሚመድቧቸው ወንጌላት በእነዚሁ ሠንጠረዦች ያጌጡ ናቸው። ጸሐፊው አንዲት ቁጥር ቢያሳስት አንባቢው የሚፈልገውን ትቶ ወደ ሌላ ታሪክ ይሄዳል። ብዙዎቹ የብራና ጸሐፊዎች በመጽሐፉ መጨረሻ ስማቸውን አኑረው ጸሎትና ይቅርታ መለመናቸው ለእኛ ባዶ ልማድ ሆኖ አይታየንም። ዕዳቸውን ያወቁ ሰዎች ነበሩ።

ነገሩን በዛሬው ኑሮ ለመፈተን ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንመለስ። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ናዝሬት ተብላ ነበር፤ በ2000 የቀድሞ ስሟ በመንግሥት ተመለሰላት። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ዝዋይም ባቱ ተብለዋል፤ ሐይቁን አንዱ ዝዋይ፣ ሌላው ደምበል ይለዋል። ሕዝቡ በሁለቱም ስም ሲጠራቸው እንሰማለን፤ ማንም ግራ አይጋባም። የኦሮምኛ ጽሕፈት ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ አንዲት ከተማ በሁለት ስምና በሁለት ፊደል፣ ይህም ማለት በአራት ዓይነት መልክ ልትጻፍ ትችላለች። ኮምፒውተር፣ ሰው ካላስተማረው በቀር፣ የሚያውቀው ፊደሉን ነው እንጂ ከተማይቱን አይደለም። ስሞቹን የሚያያይዝ ካልተገኘ ናዝሬት ብሎ የሚፈልግ አንዱን ግማሽ፣ አዳማ ብሎ የሚፈልግ ሌላውን ግማሽ ያገኛል። አያቱ የተማሩበትን ትምህርት ቤት ታሪክ የሚሻ የዛሬ ወጣት አዳማ ብሎ ቢጠይቅ፣ በ1960 የታተመውን ጋዜጣ ሳያየው ሊቀር ይችላል።

ማያያዣውን ሳይሠራ የቀረ ሰው ምንም ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን የአንዱን ትውልድ ኑሮ ከሌላው ትውልድ ዓይን ሰውሮታል። ከሁለቱ ስሞች አንዱን ስለሚወድ ሌላውን ሆን ብሎ የሚተወውማ፣ በአደባባይ ሊከራከርበት የማይደፍረውን ነገር በዝምታ ይፈርዳል። ስሞቹን ማያያዝ ስለ ስሞቹ ያለውን ክርክር መጨረስ አይደለም፤ ሁለት ስም የነበራት አንዲት ከተማ መሆኗን መመስከር ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ያለ ምርመራ ማያያዝም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። ናዝሬት የሚለው ቃል ባገኘው ሁሉ ላይ ማያያዣ የሚያኖር ሰው፣ የአዳማን የሸንኮራ አገዳ አገር የሚፈልገውን አንባቢ ወደ ገሊላ ይሰደዋል። ይህስ የሚያስቅ ስሕተት ነው። የሚያስቸግረው በቀላሉ የማይታየው ነው፤ ለምሳሌ የቀድሞውን ይረርና ከረዩ አውራጃ ከዛሬው ምሥራቅ ሸዋ ዞን ጋር አንድ አድርጎ ማያያዝ። ወሰናቸው አንድ አይደለም፤ የአንዱን የሕዝብ ቁጥር ለሌላው የሰጠ ሰው ለክርክር የሚያበቃ ስሕተት ያስገባል።

በመልቲሚዲያ ዘንድ አደጋው ይብሳል፤ ሰው ያነበበውን ይጠራጠራል፣ ያየውን ግን ያምናልና። በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ታሪክ በጽሑፍ፣ በካርታ፣ በፎቶግራፍና ውሃው የለወጠውን አገር በሚያውቁ ሽማግሌዎች ድምፅ ቢቀርብ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻውን ሊሰጠን የማይችለውን እውቀት ይሰጠናል። ከሌላ ግድብ የተነሣ ፎቶግራፍ ቢያያዝበት ግን ሥዕሉ ራሱ እውነተኛ ሥዕል ነው፤ ሐሰቱ ያለው በማያያዣው ላይ ነው። ሥዕልና ድምፅ መልስ ከሚሰጥ ሰው ሲለዩም ጥቅማቸው ይጎድላል። ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት ይሰጥ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን በመስኮቱ የሚታየው መምህር ጥያቄ መስማት አይችልም ነበር፤ በክፍሉ ያለው መምህርም ለማስረዳት ጊዜ አያገኝም ነበር።

መልካም ማያያዣ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1973 ጀምሮ ከዘጠኝ ሺህ የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ይጠበቃል። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ያዘጋጁት ዝርዝር መጽሐፉ ምን እንደያዘ ከመናገሩ ጋር መጽሐፉ የተገኘበትን ስፍራ ይጠራል። አንባቢው ወደ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን ወደ ጠባቂዎቹም ይመራል።

በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ደብረ ጽዮን የምትባል ገዳም አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው በዚያ እንደ ተጠለሉ ይተረካል፤ ጥንታውያን መጻሕፍትም በገዳሟ ይጠበቃሉ። ከእነዚህ አንዱን በፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጽ ላይ የሚያኖር ሰው ቢመጣ፣ ሐይቁን ዝዋይም ደምበልም ብሎ መጻፍ፣ ትረካውን ትረካ ነው ብሎ ከተረጋገጠው ለይቶ ማኖር፣ የጠባቂዎቹንም ፈቃድ መጠየቅና ራሱ የሚገኝበትን አድራሻ መተው ይገባዋል። ይህን ሁሉ ቢያደርግም የአንዱ ጫፍ ጉዳይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ማንም ከየትም ሆኖ ያን ገጽ ከፈለገው ነገር ጋር ሊያያይዘው ይችላል፤ በደሴቲቱ ያሉት ካህናት ግን መጽሐፋቸው ከምን ጋር እንደ ተያያዘ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። እንዲያውቁ የማድረጉ ሥራ የፎቶግራፍ አንሺው ይሁን፣ በኋላ ያያያዘው ሰው፣ ወይስ መዝገቡን የያዘው ተቋም፣ እስካሁን የተቆረጠ ሥርዓት አላየንም።