ካሴቱ የማያውቀው ስም

«ገለበጠ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ሥራ አለበት። ድስት ይገለበጣል፣ መኪና ይገለበጣል፣ መንግሥት ይገለበጣል። የብራና ጸሐፊም ዳዊት ይገለብጣል። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ሣጥን ውስጥ የኖረ የሠርግ ካሴት ይዞ ቪዲዮ ቤት የሚገባ ሰውም የሚለው ያንኑ ነው፦ «ይችን ወደ ሲዲ ገልብጡልኝ።»

ለመቸኮል ምክንያት አለው። የቪዲዮ ካሴት ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ላዩ ላይ ዝገት መሰል የብረት ዱቄት በሙጫ ተለጥፎበታል። የሦስት ሰዓቱ ካሴት ተዘርግቶ ቢለካ 258 ሜትር ይሆናል። እርጥበት ሙጫውን ያላላዋል። ክረምት በሚበረታበት በስሜን ግርጌ፣ በካሴቱ መስኮት አጮልቆ ያየ ሰው በጥቅልሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ቢያገኝ አይገርምም።

ካሴቱን የሚያጫውተው ዴክም እያለቀ ነው። የሚታወቀው የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረት አቆመ። በዚያው በ2008 የጊች መንደር ነዋሪዎች ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። እዚያ መንደር የተቀረጸ ድግስ ካለ፣ ቤቱና አጥሩ እንደነበረ የሚታየው በዚያ ጥብጣብ ላይ ነው።

የተገለበጠው ያው ነው ወይስ ሌላ?

ለኦርቶዶክስ ምእመን ይህ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ መንበር ላይ ያለው ታቦት የሙሴ ጽላት አምሳል ነው፤ ትናንት ለተተከለች የገጠር ደብር የገባውን ታቦት «ቅጂ ነው» ብሎ የሚያቃልል የለም። መጻሕፍቱም ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጡ ነው እዚህ የደረሱት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የተጀመረው ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አንስቶ፣ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ ሲቀመጥ፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት መዝገባቸውን አዘጋጁ። ኋላም ፊልሙ ራሱ ወደ ዲጂታል ተገለበጠ።

ቅጂነት ነውር ካልሆነ የሠርጉ ሲዲ ምን ይጎድለዋል? ስም።

የብራና ጸሐፊ ጸሎቱ መካከል ያስጻፊውን ስም ያስገባል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይተካል፤ ዛሬም ፍቁ በብርሃን ፊት ሲያዝ ይታያል። አንባቢው ባነበበ ቁጥር ያን ሰው ያስባል። ተዝካርም እንዲሁ ነው። በአርባው ቀን እንጀራውና ጠላው ቀርቦ፣ ድኻ ተጠርቶ፣ ካህኑ ሟቹን በስሙ ያነሣዋል፤ ያውም ሰፈር በሚጠራው ሳይሆን በክርስትና ስሙ። መዘከር ማስቀመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ በበቃ ነበር።

ካሜራው በስም ማንሣትን አያውቅም። ፊትን፣ እስክስታን፣ እልልታን ይዟል። ካሴቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «የእገሌ ሠርግ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሙሽሮቹ ስም አላቸው። ዳሱ ውስጥ ካለው ሕዝብ ግን አብዛኛው ስም የለሽ ነው፤ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ከፊሉ በዚህ ዓለም የለም።

«ባናየው ይሻላል» የሚል ቤተሰብም አለ። የሟች ልጅን ጭፈራ ማየት የጠገገ ቁስል መነካካት ነው የሚሉ እናቶች አልተሳሳቱም። ሐዘን የራሱ ጊዜ አለው፤ ካሴት ግን ጊዜ አይሰጥም። ማየቱ ለነገ ቢቆይም መገልበጡ አይቆይም።

ሲዲውም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ጨረር የሚጽፍበት የቀለም ንጣፍ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያ ትተዋል። ልጆቹ አንድ ቀን ወደ ሌላ ነገር ይገለብጡታል፤ ስም ካልተጻፈለት የሚገለብጡት የማያውቁትን ሕዝብ ነው።

የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በጥድፊያ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ለብቻው ይተዋል። አያት ከጎን ቢቀመጡ፣ የልጅ ልጅ ደብተር ቢይዝ ግን ሰዓቱ ሌላ ሥራ ይሠራል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከዳሱ ጥግ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ጋን ላይ አጎንብሳለች። ፊቷ አይታይም። አያት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ጠጋ ይላሉ፤ «ቆይ፣ መልሰው እስቲ። አቋቋሟን አውቀዋለሁ።»